ቤት ከመግዛት በፊት፦ ዓይን የማያየው ብክለትና የቤተሰብ ጤና

ቤት መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የብዙ ዓመታት ድካምና ቁጠባ ፍሬ የሚታይበት ቀን የቤቱን ቁልፍ የሚረከቡበት ቀን ነው። ገዢው ቤቱን ሲመለከት የክፍሎቹን ብዛት፣ የወጥ ቤቱን ስፋት፣ የአካባቢውን ትምህርት ቤት ደረጃና ከሥራ ቦታ ያለውን ርቀት ይመዝናል። የተቀጠረው የቤት መርማሪ (ኢንስፔክተር) ደግሞ ጣሪያውን፣ ማሞቂያውን፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሮቹን አይቶ ዘገባውን ያቀርባል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ቢሆንም የቤተሰቡን ጤና ለረጅም ዘመን ሊጎዱ የሚችሉ ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ በዚህ ዘገባ ውስጥ አይካተቱም። በግድግዳው ቀለም ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ከምድር ቤቱ (ቤዝመንት) ወለል ሥር የሚወጣው ጋዝ፣ በግቢው ውስጥ የተቀበረው የዘይት ታንክ፣ በቧንቧው የሚመጣው ውሃ ይዘት በዓይን ታይቶ ወይም በአፍንጫ ተሽትቶ የሚታወቅ አይደለም።

ብክለት ከቤቱ ጋር አብሮ ይሸጣል። ገዢው ሳያውቅ ሁለት ነገሮችን ሊወርስ ይችላል፤ አንደኛው በሽታው፣ ሁለተኛው የማጽዳት ዕዳው ነው። ከሁለቱም ራሱን ለመከላከል ሰፊ ዕድል የሚያገኘው ደግሞ ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሲያልቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ በአሥር ሺዎች ሊቆጠር ይችላል፤ በልጅ አእምሮ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን በገንዘብ አይመለስም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት የደበቀው ታሪክ

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በናያግራ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ላቭ ካናል የተባለው ሠፈር የዚህ ጉዳይ ዋነኛ ማስተማሪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ወደ 20,000 ቶን የሚጠጋ የኬሚካል ዝቃጭ በአንድ አሮጌ ቦይ ውስጥ ቀበረ። በ1953 ቦታውን በአፈር ሸፍኖ ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። በሽያጩ ሰነድ ላይ ኬሚካል መቀበሩን የሚገልጽና ኩባንያውን ከኃላፊነት ነጻ ለማድረግ የታሰበ አንቀጽ ሰፍሮ ነበር። ይሁን እንጂ በቦታው ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ በዙሪያውም ቤቶች ተገንብተው ለቤተሰቦች ተሸጡ። በ1970ዎቹ ከባድ ዝናብና በረዶ የምድር ውስጥ ውሃውን ከፍ ሲያደርገው ኬሚካሉ ወደ ምድር ቤቶችና ወደ ጓሮዎች መውጣት ጀመረ። በነሐሴ ወር 1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አወጁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ከቤታቸው እንዲለቁ ተደረገ።

ከዚህ ክስተት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በታኅሣሥ 1980 በተለምዶ «ሱፐርፈንድ» እየተባለ የሚጠራውን ሕግ አጸደቀ። በሕጉ መሠረት የተበከለን መሬት የማጽዳት ኃላፊነት መርዙን በጣለው ድርጅት ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም፤ የወቅቱ ባለንብረትም ብክለቱን ራሱ ባያደርሰውም ሊጠየቅ ይችላል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) ከ1991 ጀምሮ በሚከተለው መመሪያ በመኖሪያ ቤት ባለቤቶች ላይ በአብዛኛው ክስ አያቀርብም። ለንግድ የሚሆን መሬት የሚገዛ ሰው ግን እንዲህ ያለ መመሪያ ስለማይሸፍነው ገና ከመግዛቱ በፊት ጥንቃቄ ማድረግ ይጠበቅበታል። ለመኖሪያ ቤት ገዢውም ቢሆን የክፍለ ግዛቱ ሕግ፣ የቤቱ ዋጋ መውደቅና የጤናው ጉዳት እንዳሉ ይቆያሉ።

ብክለት በፋብሪካ አጠገብና በድሃ ሠፈር ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ሰዎች አይጠፉም። በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ስፕሪንግ ቫሊ ከከተማዋ ውድ የመኖሪያ ሠፈሮች አንዱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ከ1917 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በአካባቢው የኬሚካል መሣሪያ ምርምርና ሙከራ ያካሂድ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከመሣሪያውና ከኬሚካሉ የተወሰነው እዚያው ተቀበረ፤ ቦታው ለመኖሪያ ተሸነሸነ፤ ታሪኩም ተረሳ። በጥር 1993 በግንባታ ላይ የነበሩ ሠራተኞች የተቀበሩ የጦር መሣሪያዎችን አገኙ። ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ በብዙ ግቢዎች አፈር ውስጥ አርሰኒክ የተባለው መርዝ ተገኘ፤ ማጽዳቱም አሥርተ ዓመታትን ወስዶ በ2012 አንድ የመኖሪያ ቤት እስከ መፍረስ ደረሰ። በእነዚያ ሰባ ያህል ዓመታት ውስጥ ቤት የገዙ ሁሉ ያዩት አረንጓዴውን መስክና የሠፈሩን ጸጥታ ነበር፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ማለት ይህ ነው።

እርሳስ (ሊድ)፦ የአሮጌ ቤቶች ዋና አደጋ

በአሜሪካ በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ እርሳስ ያለበት ቀለም እንዳይቀባ የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ይህ ቀለም ከላይ በተቀባው አዲስ ቀለም ሥር ተሸፍኖ ሊኖር ይችላል። በኢፒኤ ግምት ከ1940 በፊት ከተሠሩ ቤቶች 87 ከመቶ፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 ከመቶ፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 ከመቶ የሚሆኑት እርሳስ ያለበት ቀለም አላቸው። ቀለሙ ሲላላጥ ወይም መስኮትና በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲፋቅ ደቃቅ አቧራ ይፈጠራል። በወለል ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ይህን አቧራ ይውጣል።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ እንደ ካልሲየም ሆኖ ይገባል፤ ወደ አንጎል ያልፋል፣ በአጥንት ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይከማቻል። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው መጠን ከአዋቂዎች ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። የብረትና የካልሲየም እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ የበለጠ ይመጠዋል። በአጥንቷ ውስጥ እርሳስ ያከማቸች እናት ስታረግዝ መርዙ ከአጥንቷ ወጥቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ሊደርስ ይችላል። በልጆች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የመማር ችሎታ መቀነስ፣ ትኩረት ማጣት፣ የጠባይ መለወጥና የደም ማነስ ሲሆን በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ያመጣል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ክትትል የሚያስፈልገውን መጠን በ2021 በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። ይህ ቁጥር ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ለሕፃን አስተማማኝ ተብሎ የተለየ የእርሳስ መጠን የለምና። እርሳስን ከደም ለማውጣት የሚሰጠው መድኃኒት በአብዛኛው መጠኑ 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ለደረሰባቸው ልጆች የሚታሰብ ሲሆን፣ በአንጎል ላይ አስቀድሞ የደረሰውን ጉዳት አይመልስም። ስለዚህ ዋናው ሕክምና መርዙን ከቤት ውስጥ ማስወገድ ነው።

በፌዴራል ሕግ መሠረት ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን መግለጽና በመንግሥት የተዘጋጀውን መረጃ መስጠት አለበት። ገዢውም በራሱ ወጪ ለማስመርመር የ10 ቀን ዕድል ያገኛል። ይሁን እንጂ ሕጉ ሻጩን የሚያስገድደው የሚያውቀውን እንዲናገር እንጂ እንዲያስመረምር አይደለም። አስመርምሮ የማያውቅ ሻጭ «አላውቅም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ቢያደርግ ሕግ አልጣሰም። ገዢውም ይህን ምልክት «የለም» ብሎ ሊያነበው አይገባም።

እርሳስ በውሃም ይመጣል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2000 መጨረሻ ላይ ውሃን ከተሕዋስያን ለማጽዳት የሚጨመረው ክሎሪን በክሎራሚን ሲተካ የውሃው ጠባይ ተለውጦ ከአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች መርዙን ማሟሟት ጀመረ፤ ጉዳዩ በሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው ግን በ2004 መጀመሪያ ላይ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚገባው ቧንቧ ከምን እንደተሠራ ከከተማው የውሃ አገልግሎት ሊጠይቅ ይችላል። ለቡናም ሆነ ለሻይ ውሃውን ማፍላት እርሳሱን አያጠፋውም፤ እርሳስን ለማስወገድ የተመሰከረለት ማጣሪያ ግን ይቀንሰዋል።

ራዶን፦ ከምድር ሥር የሚወጣ ጋዝ

ራዶን በአፈርና በዓለት ውስጥ የሚገኘው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ የሚፈጠር ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ጨረር አመንጪ ጋዝ ነው። በወለልና በግድግዳ ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት በኩል ወደ ቤት ይገባል፤ በተለይም በምድር ቤት ይጠራቀማል። ጋዙ ሲፈራርስ የሚያስገኛቸው ብናኞች ከትንፋሽ ጋር ገብተው በሳንባ ላይ ያርፋሉ፤ የሚያመነጩት ጨረርም የሕዋሳቱን ዘረመል ይጎዳል። በኢፒኤ ግምት ራዶን በአሜሪካ በየዓመቱ ለ21,000 ያህል የሳንባ ካንሰር ሞት ምክንያት ነው፤ ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሲጋራ በማያጨሱ ሰዎች ዘንድ ደግሞ የመጀመሪያው ምክንያት ነው።

የዚህ አደጋ ክብደት በሰፊው የታወቀው በ1984 ነው። በፔንሲልቬንያ በአንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ በጣቢያው በር ላይ ያለውን የጨረር መለኪያ ደጋግሞ ያስጮኸው ነበር፤ ሲጣራ ጨረሩ የመጣው ከሥራ ቦታው ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ተገኘ።

የኢፒኤ መለኪያ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 4 ፒኮኪዩሪ ሲሆን፣ ከዚህ ደረጃ የደረሰ ወይም ያለፈ ቤት እንዲስተካከል ይመከራል። በዚህ መጠን ዕድሜ ልካቸውን ቢኖሩ ከ1,000 አጫሾች 62፣ አጭሰው ከማያውቁ 1,000 ሰዎች ደግሞ 7 ያህሉ በሳንባ ካንሰር ሊያዙ እንደሚችሉ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያቀረበው ማጣቀሻ ከዚህም ያነሰ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲና በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ ኢፒኤ ከፍተኛ የራዶን መጠን ይጠበቅባቸዋል ብሎ ከመደባቸው አካባቢዎች ውስጥ ናቸው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግ ሕግ ያዛል። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን ምርመራው ለገዢው ፈቃድ የተተወ ነው። ምድር ቤቱን ለአያቶች ማረፊያ፣ ለልጆች መጫወቻ ወይም ለተከራይ መኝታ ለማድረግ የሚያስብ ቤተሰብ ይህን ምርመራ ሊያልፈው አይገባም፤ በቤቱ ውስጥ ራዶን የሚበዛው በዚያው ክፍል ነውና።

ምርመራው ቀላል ነው። በሽያጭ ጊዜ የሚደረገው አጭር ምርመራ ቢያንስ 48 ሰዓት ይፈጃል፤ መለኪያው ሰው ሊኖርበት በሚችለው የመጨረሻው ታችኛ ፎቅ ይቀመጣል፤ ከምርመራው 12 ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ መስኮቶችና በሮች ተዘግተው መቆየት አለባቸው። መስኮት ተከፍቶ የተገኘ ዝቅተኛ ውጤት አስተማማኝ አይደለም። መጠኑ ከፍ ብሎ ቢገኝ ቤቱን መተው ግድ አይሆንም። ከወለሉ ሥር አየር ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ቧንቧና ማራገቢያ በመግጠም አብዛኛውን ቤት ማስተካከል ይቻላል፤ ወጪውን ሻጩ እንዲሸፍን መደራደር የሚቻለው ግን ከመፈራረም በፊት ነው።

አስቤስቶስ፦ ካልነኩት የማይነካ

አስቤስቶስ እሳትን የሚቋቋም ቃጫ መሰል ማዕድን ነው። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ በቧንቧና በማሞቂያ መሸፈኛ፣ በወለል ንጣፍ፣ በኮርኒስ ልስንና በጣሪያ ክዳን ውስጥ በብዛት ይገባ ነበር። ቫርሚኩላይት የተባለው፣ በጣሪያ ሥር ሙቀት ለመያዝ የሚፈስ ጠጠር መሰል ነገርም አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ቫርሚኩላይት ከ70 ከመቶ በላይ የወጣው በሞንታና ክፍለ ግዛት ሊቢ ከተባለች ከተማ አጠገብ ከነበረ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ማዕድን ማውጫ ነው።

ቃጫው ያልተጎዳና ያልተነካ እስከሆነ ድረስ ወደ አየር አይወጣም፤ አደጋው የሚጀምረው ሲቆረጥ፣ ሲፋቅ ወይም ሲሰባበር ነው። የሳንባ ጠባሳ (አስቤስቶሲስ)፣ የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከተጋለጡበት ጊዜ በኋላ አሥርተ ዓመታት ቆይተው ይመጣሉ። ስለዚህ አሮጌ ቤት ገዝቶ ወጥ ቤቱን ወይም ምድር ቤቱን ለማደስ ያቀደ ቤተሰብ ግድግዳ ከማፍረሱ በፊት ናሙና በባለሙያ ተወስዶ እንዲመረመር ማድረግ አለበት። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ቅዳሜና እሑድ ከወዳጅ ጋር የሚደረግ የማፍረስ ሥራ እርሳሱንም አስቤስቶሱንም በአንድ ጊዜ ወደ አየር ሊለቅ ይችላል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ቀለም የሚነካ እድሳት የሚሠራ ተቋራጭ ከ2010 ጀምሮ ለዚህ የተለየ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው በፌዴራል ደንብ ይጠየቃል።

በግቢው ሥር፦ ታንክ፣ ማደያና የልብስ እጥበት ቤት

ወደ ጋዝ ማሞቂያ ከመዛወራቸው በፊት ብዙ አሮጌ ቤቶች የሚሞቁት በዘይት ነበር። ዘይቱ የሚቀመጥበት የብረት ታንክ በግቢው ውስጥ ተቀብሮ፣ ማሞቂያው ሲለወጥ እዚያው ተረስቶ ይቀራል። ብረቱ ሲዝግ ዘይቱ ወደ አፈሩ፣ ከዚያም ወደ ምድር ውስጥ ውሃ ይሰርጋል። ከመሬት ብቅ ያለ አሮጌ የብረት ቧንቧ፣ በምድር ቤት ግድግዳ ላይ ተቆርጦ የቀረ ቀጭን የመዳብ ቱቦ የዚህ ምልክቶች ናቸው። ለቤቱ ማሞቂያ የሚያገለግሉ ታንኮች በፌዴራሉ የታንክ ደንብ ስለማይሸፈኑ ጉዳዩ የሚታየው በክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስም ብክለትን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። በብረት ጠቋሚ መሣሪያ ግቢውን የሚያስስ ባለሙያ ማስመጣት ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ለንግድ የሚገዛ ቦታ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በነዳጅ ማደያ ሥር የሚገኙ ታንኮች ቤንዚን ካፈሰሱ በውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለው የኬሚካል ውሁድ የሰውን መቅኒ የሚጎዳና የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) የሚያመጣ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በደረቅ እጥበት (ድራይ ክሊኒንግ) ሲያገለግል የቆየው ፐርክሎሮኤቲሊን የነርቭ ሥርዓትን፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ ሲሆን ካንሰር እንደሚያመጣም ይታመናል፤ ኢፒኤ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ደንብ በእጥበት ቤቶች መጠቀሙ በ10 ዓመት ውስጥ እንዲቀር ወስኗል። የፈሰሰው ኬሚካል ወደ ተንነት ተለውጦ በአፈሩ ውስጥ አልፎ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ሊገባ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቦታው ዛሬ ምግብ ቤት ወይም ቢሮ ቢሆንም ከ30 ዓመት በፊት ምን እንደነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ የተዘጋጀው መሣሪያ «ፌዝ ዋን» እየተባለ የሚጠራው የአካባቢ ጥናት ነው። ባለሙያው የቦታውን የቀድሞ ካርታዎች፣ የአየር ፎቶግራፎችና የመንግሥት መዝገቦች ያነባል፤ ቦታውን ይጎበኛል፤ ባለቤቶችን ይጠይቃል። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ አፈር፣ ውሃና ተን የሚለካበት ሁለተኛው ደረጃ («ፌዝ ቱ») ይከተላል። በ2002 በተሻሻለው የሱፐርፈንድ ሕግና ከኅዳር 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ይህን ጥናት ከመግዛቱ በፊት በአግባቡ ያስጠና ገዢ ሌላ ሰው ላደረሰው ብክለት ከሚመጣበት ኃላፊነት ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል። ከግዢው በኋላ የተደረገ ጥናት ይህን ጥበቃ አያስገኝም። ጥናቱ ጊዜ ያልፍበታል፤ ዋና ዋና ክፍሎቹ ከግዢው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ሁለት ነጥቦች ግን ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ የሱፐርፈንድ ሕግ ነዳጅን ስለማይጨምር ማደያ የሚገዛ ሰው የክፍለ ግዛቱን የታንክ ሕግ ጠበቃ ማማከር አለበት። ሁለተኛ፣ መደበኛው ጥናት ራዶንን፣ የእርሳስ ቀለምንና አስቤስቶስን አያካትትም፤ እነዚህ ለብቻቸው መታዘዝ አለባቸው።

የግል ጉድጓድ ውሃ

ከከተማ ራቅ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በግል ጉድጓድ ውሃ ነው። የ1974ቱ የመጠጥ ውሃ ሕግ እንዲህ ያለውን ጉድጓድ አይቆጣጠርም፤ ውሃውን የማስመርመር ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። ቢያንስ ለባክቴሪያ፣ ለናይትሬት፣ ለአርሰኒክና ለእርሳስ መመርመር ይገባል። ናይትሬት በአንድ ሊትር ከ10 ሚሊግራም ሲያልፍ ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ውሃውን ማፍላት ደግሞ መጠኑን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ጉድጓዱ ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከጦር ሠፈር ወይም ከእሳት አደጋ ማሠልጠኛ አጠገብ ከሆነ ፒፋስ ለተባሉት ዘመን ተሻጋሪ ኬሚካሎችም ማስመርመር ይመከራል።

ገዢው ምን ማድረግ ይችላል?

ሻጭ ስለ ቤቱ የመግለጽ ግዴታው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቨርጂኒያ ሕጉ አጣርቶ የመግዛቱን ሸክም በአብዛኛው በገዢው ላይ ያደርጋል። በሜሪላንድ ሻጩ የቤቱን ሁኔታ በዝርዝር ከመግለጽና ኃላፊነት ሳይወስድ ከመሸጥ አንዱን መምረጥ ይችላል፤ የሚያውቀውን ስውር ጉድለት ግን መደበቅ አይችልም። በዲሲ ሻጩ መግለጫ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ የሚገልጸውም የሚያውቀውን ነው። ስለዚህ በሦስቱም ቦታዎች የሚከተሉት እርምጃዎች ይጠቅማሉ።

1ኛ. ዋጋ ከማቅረብ በፊት ቤቱ የተሠራበትን ዓመት፣ ቀድሞ ይሞቅ የነበረበትን መንገድ፣ የውሃውን ምንጭና የአካባቢውን የቀድሞ አገልግሎት መጠየቅ። በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶች ከመዝገብ ያልተገኘውን ሊያውቁ ይችላሉ።

2ኛ. በግዢ ውሉ ውስጥ የራዶን፣ የእርሳስ፣ እንደ ቤቱ ሁኔታም የታንክና የውሃ ምርመራን ቅድመ ሁኔታ (ኮንቲንጀንሲ) አድርጎ ማስገባት። ገበያው ሲሟሟቅ ተወዳዳሪን ለመብለጥ ሲባል ይህን መብት መተው ተለምዷል። ምርመራው ጨረታውን ያበላሻል የሚል ስጋት ካለ ቢያንስ ቀኖቹን ማሳጠር ወይም ዋጋ ከማቅረብ በፊት በሻጩ ፈቃድ ማስመርመር ይቻላል።

3ኛ. መርማሪውን ራሱ ገዢው መምረጥ፤ ዘገባው የማይሸፍነውን ነገር በጽሑፍ መጠየቅ። ቋንቋው ለሚከብዳቸው ወላጆች ከመፈረም በፊት ሰነዱን አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት አስፈላጊ ነው።

4ኛ. ችግር ከተገኘ ሻጩ እንዲያስተካክል፣ ዋጋው እንዲቀነስ ወይም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ። ከተስተካከለ በኋላም እንደገና ማስመርመርና ውጤቱን ከቤቱ ሰነዶች ጋር ማስቀመጥ።

የሐኪሙ ድርሻና ቀድሞ የገዙ ቤተሰቦች

ቤት አስቀድመው የገዙ ቤተሰቦችም ጊዜው አልፎባቸዋል ማለት አይደለም። የራዶን መለኪያ በማንኛውም ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል። የተላላጠ ቀለም ባለበት ቤት ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት፣ ጫማን ከደጅ ማውለቅ፣ የልጆችን እጅ ከምግብ በፊት ማጠብ፣ ብረትና ካልሲየም ያለበት ምግብ መስጠት እርሳሱ እስኪወገድ ድረስ ጉዳቱን ይቀንሳል። ተከራዮችም ስለ እርሳስ ቀለም የመጠየቅና መረጃ የማግኘት መብታቸው ከገዢዎች ያላነሰ ነው።

በዲሲና በሜሪላንድ ሕፃናት በአንድና በሁለት ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲደረግላቸው ሕግ ያዛል። በሌላ ቦታ የሚኖሩ ወላጆችም ቤታቸው አሮጌ ከሆነ ወይም በቅርቡ ከታደሰ ይህን ለሐኪማቸው ሊነግሩት ይገባል። ሐኪሙም በበኩሉ ትኩረት የሚያጥረውን ልጅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለባትን እናት፣ አጭሶ የማያውቅ የሳንባ ሕመምተኛን ሲመረምር «የሚኖሩት የት ነው? ቤቱ መቼ ተሠራ? በቅርቡ ታድሷል? የሚተኙት በምድር ቤት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከላቦራቶሪ በፊት መልሱን ሊያገኝ ይችላል። እርጉዝ ሴትና ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት እድሳት ሲታሰብም ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ መምከር የሐኪሙ ኃላፊነት ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለቤት ግዢም ይሠራል። የብክለት ምርመራ ከጠቅላላው የቤት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያየው አዲስ ወለልና ሰፊ ሳሎን ቢሆንም ልጆቹ የሚያድጉት በአየሩ፣ በውሃውና በአቧራው ውስጥ ነው።